ሥራው በስልክ ሲመጣ፦ ጎንደር ላይ ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች የውልና የደሞዝ መመሪያ

ድሮ ጎንደር ላይ የቤት ሠራተኛ የምትገኘው በዘመድ ወይም በደላላ ነበር። አሁን ቴሌግራም ተጨምሯል፣ የፌስቡክ ገጽ ተጨምሯል፣ የስልክ አፕም መጥቷል። «ነገ ጠዋት ልብስ የምታጥብ እንፈልጋለን» የሚል መልእክት ይለቀቃል። ቀድማ የደወለች ትሄዳለች። ሰኞ ማራኪ፣ ረቡዕ አዘዞ፣ ዓርብ ፒያሳ። የጊግ ሥራ የሚባለው ይኼ ነው። ቋሚ አሠሪ የለም፤ ሥራው ሲገኝ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቀመጣል።

ብዙ ሴቶች ይህን መንገድ ይመርጡታል። ማታ ቤታቸው ገብተው ያድራሉ፤ የማታ ትምህርት የሚማሩም አሉ። ግን ነገር ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። አሠሪዋ «እኔ ከአገናኙ ጋር ጨርሻለሁ» ትላለች። አገናኙ «የእኔ ሥራ ማገናኘት ብቻ ነው» ይላል። መሀል ላይ የምትቀረው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የዋለችው ሴት ናት።

ይህን የጻፍኩት ለአንቺ ነው። ታናሽ እህትሽ ወይም የአገርሽ ልጅ ይህን ሥራ ልትጀምር ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢላት።

አንደኛ፦ አሠሪሽ ማን እንደሆነ ለዪ

ብዙ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁሉንም ሠራተኛ የሚጠብቅ ይመስለዋል። አይደለም። በግለሰብ መኖሪያ ቤት የሚሰጥ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ነው። በራሱ ኃላፊነት ሥራ እየተቀበለ የሚሠራ ሰውም ከአዋጁ ውጭ ነው። አገናኞች ደግሞ «አንቺ እኮ የራስሽ አለቃ ነሽ» ማለት ይወዳሉ። በዚህም በዚያም በሩ ይዘጋብሻል። ከሁሉ በላይ የሚለፋ ሰው ከሕጉ ውጭ መቅረቱ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እስኪስተካከል ድረስ ግን በእጅሽ ባለው ነገር መጠቀም አለብሽ።

በመጀመሪያ የምትጠሪበትን ቦታ እይ። ጥር ሲገባ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ለከተራና ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚመጣው ሰው ማረፊያ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ፔንሲዮኑም የእንግዳ ማረፊያውም አንሶላ የምታጥብ፣ ክፍል የምታጸዳ ይፈልጋል። «የቤት ሠራተኛ» ብለው ቢጠሩሽም እንዲህ ያለ ቦታ መኖሪያ ቤት አይደለም፤ ትርፍ ለማግኘት የተከፈተ ድርጅት ነው። ስለዚህ አዋጁ ይሸፍንሻል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት አንዴ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ታርፊያለሽ። በሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት ከሠራሽ በሰዓት የሚከፈልሽ የመደበኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። ያልተከፈለ ደሞዝ መጠየቂያው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ 6 ወር ካለፈ ይርጋ (ሕጉ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብ) ያግደዋል።

የጽዳት ድርጅት ቀጥሮሽ፣ ራሱ ደሞዝ እየከፈለሽ በየሰው ቤት የሚያሰማራሽ ከሆነም አሠሪሽ ድርጅቱ ነው። የምታጸጂው የግለሰብ ቤት መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

የምትሠሪው በቀጥታ ለአንድ ቤተሰብ ከሆነስ? ያኔ የሚዳኝሽ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ስለ ቤት ሠራተኛ ይናገራል። ቤቱ የምታድር ሠራተኛ ያለችው አሠሪ በመኝታዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ በኩል ጤናዋና ሞራሏ እንዳይጎዳ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ አለበት። ስለ ደሞዝ ልክና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን እንደ አዋጁ ዝርዝር ነገር አታገኚም። ዋናው መሣሪያሽ ቁጥር 1731 ነው። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። አዋጁ ያላወጣልሽን ሰዓትና ዕረፍት በውልሽ ታወጪዋለሽ ማለት ነው። የቀረው ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ አገናኙን ፈትሺ

ቀላል መለኪያ ልስጥሽ። ሥራ ሳትጀምሪ «የምዝገባ»፣ «የፎርም»፣ «የቦታ ማስያዣ» እያለ በቴሌብር ብር ላኪ የሚልሽን ሰው ተዪው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል እንደሌለባቸው ይደነግጋል። ከአሠሪው ይቀበሉ። ከቀን ክፍያሽ ላይ የሚቆርጥ አፕ ከሆነ ስንት በመቶ እንደሚቆርጥ ሥራውን ሳትቀበይ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። «ብዙ አይደለም» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

መታወቂያሽን ማሳየት ችግር የለውም። ፎቶውን በየቴሌግራሙ መበተን ግን አደገኛ ነው። ዋናውን መታወቂያ አሠሪም አገናኝም እንዲያስቀምጠው አትስጪ፤ ኮፒው ይበቃል። የቀበሌም ይሁን የፋይዳ፣ በስምሽ መታወቂያ ከሌለሽ ከሁሉ በፊት እሱን አውጪ። በስምሽ ሲም ካርድ፣ በስምሽ ቴሌብር፣ በስምሽ የባንክ ደብተር የሚኖርሽ በእሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። የከተማ ሥራ ነው ተብሎ የተጀመረ ወሬ መተማ ወይም ዓረብ አገር ወደሚል ከዞረ እዚያው አቁሚ። የውጭ ሥራ የራሱ ሕግና የራሱ ፈቃድ አለው። በቴሌግራም የሚያሻግርሽ ሰው ፈቃድ ያለው አገናኝ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ሥራውን ቁጠሪ

ብዙ ሴት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ልብስ ማጠብ ስንት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ወዲያው ዋጋ ትጠራለች። ደርሳ ስታየው ልብሱ ከነብርድ ልብሱ፣ ከነጋቢው፣ ከነመጋረጃው ተቆልሏል።

ጎንደር ላይ ደግሞ የውሃ ጉዳይ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብስ ማጠብ ማለት አንዳንዴ ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ ማለት ነው። ይህ ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላ ዋጋም አለው። ስለዚህ በስልክ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «እትዬ፣ ውሃ ቤት ውስጥ አለ ወይስ ይቀዳል? ብርድ ልብስና ጋቢ አለ? ስንት ሰው ቤት ነው? ምግብ ማብሰል ወይም ልጅ መያዝ ይጨመርበታል? ሳሙናና በረኪና በማን ነው?» በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ማታ ሒሳብ ላይ መጨቃጨቅ ነው።

ሰዓቱን በተለይ አጥሪ። አፑ «8፡00» ብሎ ሲጽፍ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አርፍደሽ «አልመጣችም» ብትባዪ አሠሪዎች አፑ ላይ የሚሰጡሽ የደረጃ ኮከብ ይወርዳል፤ ኮከብ ሲወርድ ጥሪ ይቀንሳል። «በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሪ። ለምሳሌ ያህል ቀኑን በ500 ብር ተስማማሽ እንበል። አፑ 15 በመቶ ከቆረጠ 75 ብር ሄደ። ከአዘዞ ፒያሳ ደርሶ መልስ 80 ብር ብታወጪ የሚቀርሽ 345 ብር ነው። 8 ሰዓት ከሠራሽ በሰዓት 43 ብር ግድም ነው። «ይቺን ብቻ ጨርሺና» እየተባልሽ 11 ሰዓት ከቆየሽ ወደ 31 ብር ይወርዳል። ዋጋሽን የምትጠሪው እጅሽ ላይ ከሚቀረው ተነስተሽ ይሁን።

አራተኛ፦ ውሉን ጻፊ

በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። ችግሩ ማስረጃው ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለዚህም ይሠራል። ለአንድ ቀን ሥራ ወረቀት መፈራረም ይከብድ ይሆናል። የስልክ መልእክት ግን አይከብድም። ከደወሉልሽ በኋላ አንቺ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት፣ ልብስ ማጠብ ብቻ፣ 500 ብር፣ ሥራው ሲያልቅ የሚከፈል። እንደተስማማነው ነው?» «እሺ» የምትል አንዲት መልስ ብዙ ጠብ ታስቀራለች። መልእክቱን አታጥፊው። ቻናሉ ሊዘጋ፣ ስልክሽም ሊጠፋ ስለሚችል ደብተርሽ ላይም ገልብጪው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳውም። አፕ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ማስረጃ እንዲህ ያለ ቀን አይደርስልሽም።

አንድ ቤት በየሳምንቱ የምትመላለሺ ከሆነ ግን ወረቀት ይኑር። ይህን መነሻ አድርጊው፤ እንደሁኔታው ለውጪው፦

«እኔ ወይዘሮ ……፣ በጎንደር ከተማ …… ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ እና እኔ ወይዘሪት ……፣ ዛሬ …… ቀን …… ዓ.ም. ተዋውለናል። ሠራተኛዋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ትሠራለች። በመሀል የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አላት፤ ምሳ አሠሪዋ ትሰጣለች። ሥራዋ ልብስ ማጠብና ቤት ማጽዳት ነው። ውሃ ከውጭ የሚቀዳ ከሆነ ተጨማሪ …… ብር ይከፈላል። ክፍያው በቀን …… ብር ሆኖ በዕለቱ በሠራተኛዋ ቴሌብር ይገባል። ከ10 ሰዓት በኋላ ከቆየች በየሰዓቱ …… ብር ይጨመራል። አሠሪዋ ሥራ እንደሌለ እስከ ዋዜማው ማታ 1 ሰዓት ካልነገረቻት የግማሽ ቀን ትከፍላለች። ሠራተኛዋ በሥራ ላይ ከተጎዳች የሕክምናዋን ወጪ አሠሪዋ ትሸፍናለች። ሆን ተብሎ ካልሆነ በቀር ለተሰበረ ዕቃ ከክፍያዋ አይቆረጥም። ውሉን ማቆም የፈለገ ወገን ከሁለት ሳምንት በፊት ይናገራል።»

ከሥር ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። የምስክሮቹ ነገር ለይስሙላ አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ለሚደረግ ውል የሚጠይቀው ነው። በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ማንበብ የማትችዪ ከሆነ የምታምኚው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ እንጂ ያልተነበበልሽን አትፈርሚ።

ቤቱ የምታድሪ ከሆነ ሦስት ነገር ጨምሪበት፦ በሩ የሚቆለፍ ወይም ቢያንስ የራስሽ የሆነ የመኝታ ቦታ፣ ማታ ሥራ የሚቆምበት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን። የማታ ትምህርት የምትማሪ ከሆነም ሰዓቱ ይጻፍ። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል፤ በመጀመሪያው ቀን «ችግር የለም፣ ትማሪያለሽ» የተባለው በሁለተኛው ወር ይረሳል። የጳጉሜን ነገርም አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወር የሚከፈልሽ ከሆነ 12 ደሞዝ ትቀበያለሽ፤ 5 ወይም 6 ቀን ግን በነፃ ልትሠሪ ነው። ጳጉሜን እንደሚከፈል አስጽፊ።

አምስተኛ፦ ተያዥ ካሉሽ

አሠሪ ተያዥ መጠየቁ የተለመደ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ተያዡ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ ይሄዳል። ዘመድሽን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አትክተቺው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። ስለዚህ «እስከ …… ብር» የሚል ይግባበት። ሥራውን ስትለቂ ደግሞ ወረቀቱን አስመልሺ። ስትወጪም አሠሪዋ ባለችበት፣ ቢቻል ጎረቤት ባለበት፣ ተረካክባችሁ «ዕቃ ተረካክበናል፣ ሒሳብ ተዘጋግተናል» ብላችሁ ተፈራረሙ። ከወጣሽ በኋላ የሚመጣ የ«ወርቅ ጠፋ» ክስ ስንት ልጅ እንዳስለቀሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስድስተኛ፦ ገንዘብሽ በእጅሽ ይግባ

«ደሞዝሽን እኔ ላስቀምጥልሽ፤ አንድ ላይ ትወስጂዋለሽ» የሚለውን በጨዋነት እምቢ በዪ። ከልባቸው አስበውልሽ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዓመት ደሞዝሽ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ቤቱ ባይመችሽ እንኳ መውጣት ያቅትሻል። እኔ እስከማየው ድረስ ሴቶችን ክፉ ቤት ውስጥ አስሮ የሚያስቀምጠው አንዱ ይህ ነው። መቆጠብ ከፈለግሽ ባንክ አለ፣ የምታምኛቸው ሰዎች ዕቁብ አለ።

በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል ጥሩ የሚሆነው ማስረጃው በራሱ ስለሚቀመጥ ነው። በእጅ ከተቀበልሽ ደብተርሽ ላይ ቀኑን፣ ቤቱን፣ ሰዓቱንና ብሩን ጽፈሽ አስፈርሚ። ካልፈረሙ «ዛሬ የሰጡኝ 500 ብር ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ» ብለሽ መልእክት ላኪ። ምስጋናም ነው፣ ማስረጃም ነው።

ሰባተኛ፦ የማታውቂው ቤት ስትገቢ

የቤቱን አድራሻ፣ የደወለልሽን ስልክና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ነግረሽ ሂጂ። በስልክ ብቻ አይሁን፤ ወረቀት ላይም ጻፊላት። ደርሰሽ ነገሩ ካላማረሽ አትግቢ። ለአንድ ቀን ብር ብለሽ ራስሽን አታስይዢ። ማታ መንቀሳቀስ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ ደግሞ በጊዜ መውጣትሽን ከጠዋቱ ተነጋገሪ።

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በር ከፍተሽ ሥሪ፣ ጓንት ጠይቂ። የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር።

ሊነካሽ ወይም ሊደፍርሽ የሞከረ ካለ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ተደፍረሽ ከሆነ ሳትታጠቢና ልብስሽን ሳታጥቢ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም። የሕክምና ማስረጃው ለፖሊስ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥም ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ይነገራል።

ስምንተኛ፦ ብቻሽን አትቁሚ

አፕ ላይ ሁላችሁም ተለያይታችሁ ነው የምትታዩት። አንዷ በ500 ስትል ሌላዋ በ350 ትገባለች። የአንድ ሰፈር ልጆች ተነጋግራችሁ ከዚህ በታች አንሠራም የምትሉትን ዋጋ ወስኑ። በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ከማታ ትምህርት በኋላ መገናኘት ይበቃል። ደሞዝ የሚከለክለውን ቤት፣ እጁ የማያርፈውን ሰው እርስ በርስ ተነጋገሩ። በአደባባይ ስም ማጥፋት ግን ክስ ያመጣል፤ በእናንተው መሀል ይቅር።

ይህ ዝም ብሎ ምኞት አይደለም። እ.አ.አ. በጥቅምት 2021 በሕንድ ጉሩግራም ከተማ በኧርባን ካምፓኒ አፕ በኩል በየሰው ቤት እየሄዱ የውበት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች በኩባንያው ቢሮ ፊት ተሰብስበው የኮሚሽኑንና የቅጣቱን ብዛት ተቃወሙ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ኮሚሽን እንደሚቀንስ አስታወቀ። እነሱም በአፕ ተለያይተው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ።

አሠሪ ለሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ቃል፦ ውል እንጻፍ ያለችህን ልጅ «ከአሁኑ ክርክር ጀመረች» ብለህ አትመልሳት። ውሉ አንተንም ይጠብቅሃል። ጥሩ ኮከብ የሚገባትንም አትንፈጓት፤ የነገ እንጀራዋ ነው።

ዘጠነኛ፦ ክፍያሽ ከቀረ

በመጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ፦ «በእነዚህ ቀናት ሠርቼ ይህን ያህል ብር ቀርቶኛል፤ እስከዚህ ቀን ይክፈሉኝ።» አትሳደቢ፤ መልእክቱን ነገ ዳኛ ሊያየው ይችላል። ለአፑ ወይም ለአገናኙም በዚያው ቀን አሳውቂ።

ካልሆነ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሽማግሌ ይግባ። የእድር ዳኛ ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። የተስማማችሁበት በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፈልበት ቀን ይኑረው። ለጥቃትና ለድብደባ ግን ሽማግሌ አይበቃም። ያ የፖሊስ ጉዳይ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ከሆነች ደግሞ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይዘሻት ሂጂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ ያዛል።

አሠሪሽ ድርጅት ከሆነ ለከተማው የሥራና ሥልጠና መምሪያ አመልክቺ። ግለሰብ ከሆነ መንገዱ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አቅም የሌለው ሰው ክፍያ ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ለዚህ አቅም እንደሌለሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌሽ አስጽፊ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ክሱን ለማጻፍ እዚያ ጠይቂ።

ስትሄጂ ይህን ይዘሽ ሂጂ፦ መታወቂያሽን፣ ውሉን ወይም የመልእክቶቹን ፎቶ ታትሞ፣ ደብተርሽን፣ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቶችን፣ የአሠሪሽን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ስትሠሪ ያዩሽን የሁለት ሰዎች ስም። ጎረቤት ወይም የጊቢው ዘበኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የሁሉንም ኮፒ አውጥተሽ ዋናውን ለራስሽ አስቀሪ።